ከቤት ውስጥ ጥቃት ሲወጡ ኢንሹራንስዎን እንዴት እንደሚያስጠብቁ፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ

እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የአንድ ንዑስ ኮሚቴ ሠራተኞች 16 ትልልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ጠየቁ። 8ቱ ደንበኛ ሲቀበሉም ሆነ ዋጋ ሲተምኑ የቤት ውስጥ ጥቃትን እንደ መመዘኛ ይቆጥሩት ነበር። ስሌታቸው ቀላል ነው፦ አንዴ የተመታች ሴት ደግማ ትመታለች፣ ሆስፒታል ትሄዳለች፣ ወጪ ታመጣለች። ዱላውን ያነሳው ሌላ ሰው፣ ሂሳቡን የምትከፍለው እሷ።

ዛሬ ይህን የሚከለክሉ የፌዴራልና የስቴት ሕጎች አሉ። ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው ሕግ ጠፍቶ ሳይሆን በሦስት ተራ ነገሮች ነው፦ በፖስታ፣ በቀን ገደብና ፖሊሲው ላይ ባለ ስም። ደብዳቤው ባል እጅ ይገባል። ሽማግሌ ሲመላለስ 60 ቀኑ ያልቃል። ቼኩ በሁለት ስም ተጽፎ ይመጣል። በብዛት የሚጎዱት ሴቶች በመሆናቸው ከዚህ በታች አጥቂውን “ባል” ብለን እንጽፋለን፤ አሠራሩ ለወንድም ያው ነው።

አሁኑኑ አደጋ ካለ 911 ይደውሉ። ምክርና መጠለያ ለማግኘት የብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ስልኩ ሲነሳ “አምሃሪክ” ካሉ አስተርጓሚ ያገናኙዎታል።

መጀመሪያ መዘርዘር፣ መለወጥ በኋላ

በቤቱ ያለውን ኢንሹራንስ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ያውጡት፦ ጤና፣ ጥርስ፣ ዓይን፣ መኪና፣ ቤት ወይም የተከራይ ዕቃ፣ ሕይወት፣ በመሥሪያ ቤት በኩል ያለ የአካል ጉዳት መድን። ከእያንዳንዱ ጎን የሚከተለውን ይጻፉ፦ ባለቤቱ ማን ነው፣ የተሸፈነው ማን ነው፣ ገንዘቡ ለማን ይከፈላል፣ ክፍያው ከየትኛው የባንክ አካውንት ይቆረጣል፣ ደብዳቤውና የመግቢያ ኮዱ ወዴት ይላካል። ወረቀቱ ቤት አይቀመጥ።

ባለቤት መሆንና ተሸፋኝ መሆን ይለያያሉ። ባለቤቱ እሱ ከሆነ ፖሊሲውን መሰረዝ የሚችለውም፣ የክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ታሪኩን የሚያየውም እሱ ነው። ሁለታችሁም ባለቤት ከሆናችሁ ደግሞ አንዱ የለወጠው ለሌላው በደብዳቤ ይደርሰዋል። ስለዚህ ደህና ቦታ ሳይደርሱ አድራሻም፣ ስልክም፣ ፓስወርድም አይለውጡ። “የእርስዎ መረጃ ተቀይሯል” የምትል አንዲት ኢሜል መውጫ ቀንዎን ልታሳውቅ ትችላለች።

ስልክዎ በእሱ የቤተሰብ ፕላን ውስጥ ከሆነ በ2022 የወጣው ሴፍ ኮኔክሽንስ አክት ያግዝዎታል። የስልክ ኩባንያው ጥያቄዎ ከነማስረጃው በደረሰው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ መስመርዎን መለየት አለበት። ለመኪና ኢንሹራንስ ቅናሽ ብላችሁ ያወረዳችሁት አነዳድ የሚመዘግብ አፕ ካለም ልብ ይበሉ። አንዳንዶቹ የጉዞውን መነሻና መድረሻ በካርታ ያሳያሉ፤ በአካውንቱ የሚገባ ሁሉ መጠለያው በር ላይ የቆመውን መኪና ሊያይ ይችላል። ከቤት በወጡበት ቀን ከስልክዎ ያጥፉት። በመኪናው ላይ የተሰካ መሣሪያ ካለም ይንቀሉት፤ ቅናሹ ቢቀር ይቅር።

አስተርጓሚው ማን ነው?

በፌዴራል ገንዘብ የሚሠሩ የጤና ኢንሹራንሶችና ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ባል እንዲያስተረጉም አይፍቀዱ፣ ልጅም እንዲሁ። የእኛ ችግር ግን ሌላም አለ፦ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚመደበው አስተርጓሚ የአንድ አጥቢያ ሰው፣ የአንድ ዕድር አባል ሊሆን ይችላል። “በስልክ ይሁንልኝ፣ ከሌላ ስቴት የሆነ ሰው ይመደብልኝ፣ ስሜን ለአስተርጓሚው አትንገሩት” ማለት ይቻላል። ድምፁን ካወቁት ምክንያት ሳይሰጡ ስልኩን ዘግተው እንደገና ይደውሉ።

ፖስታውን ማዞር

በባልዎ የጤና ኢንሹራንስ ተሸፍነው ሐኪም ጋ ሲሄዱ ኢኦቢ የሚባል ወረቀት ይወጣል። ቢል አይደለም፤ ማን እንደታከመ፣ መቼ፣ የት፣ ምን አገልግሎት እንደተሰጠና ስንት እንደተከፈለ የሚያሳይ ማብራሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚላከው ለፖሊሲው ባለቤት ነው። የበሽታው ስም ባይጻፍበትም “ድንገተኛ ክፍል፣ የመንጋጋ ራጅ” የሚለው ይበቃዋል።

የሕክምና ምስጢር ጥበቃ ሕጉ ሂፓ መፍትሔ አለው። ለኢንሹራንሱ “መረጃው ቢገለጥ አደጋ ላይ ይጥለኛል” ብለው ካሳወቁና ጥያቄው ምክንያታዊ ከሆነ ስለ እርስዎ የሚላከውን ሁሉ ወደ ሌላ አድራሻ ማዞር ግዴታው ነው። የፖሊስ ሪፖርት አያስፈልግም፣ ዝርዝር ታሪክም አይጠበቅብዎትም፤ አደጋ መኖሩን በግልጽ መናገር ግን ያስፈልጋል። ብዙ ሰው “ለግል ምክንያት” ብሎ ይጽፍና ውድቅ ይሆንበታል፤ ሕጉ ኢንሹራንሱን የሚያስገድደው “አደጋ” የሚለው ሲነሳ ነው። ሐኪም ቤት ከሆነ ግን ምክንያት መጠየቅ ራሱ አይፈቀድለትም።

ካርዱ ጀርባ ባለው የአባላት አገልግሎት ቁጥር ይደውሉና “ኮንፊደንሻል ኮሙኒኬሽን ሪኩዌስት” የሚለውን ቅጽ ይጠይቁ። ቅጽ ከሌላቸው ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛውን አንድ የመጠለያ ሠራተኛ በ10 ደቂቃ ይገለብጥልዎታል፦

“ስሜ … ነው፤ የአባልነት ቁጥሬ …። በፖሊሲው የተሸፈንኩት በትዳር ጓደኛዬ በኩል ነው። ስለ እኔ የሚወጣ የጤና መረጃ፣ ኢኦቢን ጨምሮ፣ ለፖሊሲው ባለቤት ቢገለጥ አደጋ ላይ ይጥለኛል። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ወደዚህ አድራሻ ብቻ ይላክልኝ፦ …። በስልክ ከሆነ በዚህ ቁጥር ብቻ፦ …፤ የድምፅ መልእክት አይተዉ። ጥያቄዬን መቀበላችሁንና ሥራ ላይ የዋለበትን ቀን በዚሁ አድራሻ ጻፉልኝ።”

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አይዝለሉት። ማረጋገጫ እስኪደርስዎ ድረስ ባልን የሚያስበረግግ ሕክምና በዚያ ካርድ አያድርጉ። በካሊፎርኒያ ኢንሹራንሱ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የቀረበን ጥያቄ በ7 ቀን፣ በፖስታ የመጣውን በ14 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በፖሊሲው ባለቤት ላይ የሰጠውን የጥበቃ ትዕዛዝ ለኢንሹራንሱ ካደረሱ አድራሻዎንና ስልክዎን ለእሱ መስጠት ክልክል ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም መረጃ የሚያፈስባቸው ቀዳዳዎች አሉ። መድኃኒቱን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ጥርሱም ሌላ፣ ዓይኑም ሌላ። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይጻፋል። ፋርማሲው “መድኃኒትዎ ደርሷል” የሚል ቴክስት ወደ ድሮው ቁጥር ሊልክ ይችላል። የቀድሞ ክሌሞች በኢንተርኔት አካውንቱ ላይ እንደነበሩ ሊቀሩ ይችላሉ፤ “ያለፉትም ይደበቁልኝ” ይበሉ። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ የቤተሰቡ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈለው መጠን) ነው፦ ኢኦቢው ባይደርሰውም ድንገት 900 ዶላር ተቀንሶ ካየ ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ከቀየረ ጥያቄው ከዜሮ ይጀመራል። ለአንድ ቀጠሮ ብቻ ከሆነ ሙሉውን ከኪስ ከፍለው “ለኢንሹራንሱ አትላኩ” ማለት ይችላሉ፤ ሙሉ እስከከፈሉ ድረስ ሐኪም ቤቱ መታዘዝ አለበት።

ኢንሹራንስ እንዳይከለከሉ በመፍራት ለሐኪም “ደረጃ ላይ ወድቄ ነው” ማለት ትልቅ ስህተት ነው። በሕክምና ኮድ ቲ74 ማለት የተረጋገጠ፣ ቲ76 ማለት የተጠረጠረ ጥቃት ነው። ያ ኮድ ነገ ለፍርድ ቤትም፣ ለኢሚግሬሽን ማመልከቻም ማስረጃ ይሆንዎታል። ፓስወርድዎን ባል የሚያውቀው ከሆነ ማስታወሻው በታካሚ አካውንቱ ላይ እንዳይታይ ሐኪሙን ይጠይቁ። ስለ ጥቃት መጠየቅና መመከር ራሱም ለሴቶች ያለ ክፍያ የሚሸፈን የመከላከያ አገልግሎት ነው።

የራስዎን የጤና ኢንሹራንስ ማውጣት

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ አፎርደብል ኬር አክትን የሚከተል የጤና ኢንሹራንስ በቀድሞ ሕመም ወይም ከጥቃት በመጣ ጉዳት ሊከለክልዎትም ሆነ ሊያስወድድብዎት አይችልም። የቤት ውስጥ ጥቃት ተጠቂ የዓመቱን መመዝገቢያ ወቅት መጠበቅ የለበትም፤ ለራሱና ለልጆቹ ለብቻ ለመመዝገብ ልዩ የ60 ቀን ጊዜ ይሰጠዋል። ቴክሳስ ያለ ሰው ወደ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ በ1-800-318-2596 ይደውላል። ሜሪላንድ ያለ ወደ ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ ዲሲ ያለ ወደ ዲሲ ሄልዝ ሊንክ፣ ሲያትል ያለ ወደ ዋሽንግተን ሄልዝፕላንፋይንደር ይሄዳል። በስልክ መሥራቱ ይሻላል፤ ስልኩን ላነሳው ሰው “ከጥቃት የተነሳ ከባለቤቴ ተለይቼ መመዝገብ እፈልጋለሁ” ይበሉት።

ማመልከቻው “ያገቡ ነዎት?” ሲል ብዙዎች ይደናገራሉ። በሕግ ያገባ ሰው የፕሪሚየም (የወርሃዊ ክፍያ) ድጎማ የሚያገኘው ከትዳር ጓደኛው ጋር አንድ ላይ ታክስ ሲያስገባ ነው፤ ተጠቂው ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው። ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ላይ “አላገባሁም” ብሎ መመለስ ተፈቅዶለታል፣ ቅጣትም የለውም። በታክስ ጊዜ ተለያይቶ የሚያስገባ ባለትዳር ሆነው ይሞላሉ፤ በቅጽ 8962 አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ምልክት ያደርጋሉ። ያቺ ሳጥን ባዶ ከቀረች ድጎማው ተመለስ ሊባል ይችላል፤ በችኮላ የሚሠሩ ታክስ አዘጋጆች የሚስቷትም እሷን ነው። ታክሱን በሚያስገቡበት ጊዜ ተለያይታችሁ የምትኖሩ መሆን አለባችሁ። ይህን ፈቃድ በተከታታይ ከ3 ዓመት በላይ መጠቀም አይቻልም፤ ስለዚህ ፍቺውን እስከዚያ ይጨርሱ። ማስረጃ አያያይዙም፣ ግን በእጅዎ ይኑር።

ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ሜዲኬይድ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ተለያይታችሁ ከሆነ የእሱ ደመወዝ አይቆጠርም። “ከልጆቹ አባት የሕክምና ድጋፍ እናስከፍላለን፣ ተባበሪ” ሲሉዎት አደጋ ካለ “ጉድ ኮዝ” (በቂ ምክንያት አለኝ) ብለው ከግዴታው ነጻ እንዲያደርጉዎት ይጠይቁ። ለማርኬትፕሌስም (እንደ ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ላሉት ከላይ ለተዘረዘሩት መመዝገቢያዎች) ሆነ ለሜዲኬይድ የኢሚግሬሽን ወረቀትዎ ዓይነት ወሳኝ ነው። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለስደተኞች አጥብቦታል፤ ካቻምና ጓደኛዎ ባገኘችው አይመኑ።

ኮብራ፣ ማለትም በባል መሥሪያ ቤት በኩል የነበረውን የጤና ሽፋን ራስ እየከፈሉ መቀጠል፣ ውድ ነው፣ እስከ 102 ከመቶ የሙሉ ፕሪሚየሙ፤ ግን ሕክምና ላይ ላለ ሰው ሐኪም አያስቀይርም። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት፣ ፍቺ ወይም ሕጋዊ መለያየት ሲኖር እስከ 36 ወር ይቀጥላል። ፍቺውን በ60 ቀን ውስጥ ለፕላኑ ማሳወቅ ግን የእርስዎ ፈንታ ነው። ሽማግሌዎች “ትንሽ ታገሺ፣ ከበዓሉ በኋላ እንነጋገር” ሲሉ ያ ቀን አይቆምም። ሽምግልናውንም ያክብሩ፣ ቅጹንም በጎን ያስገቡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በወር ጥቂት ዶላር ተብሎ የሚሸጥ የአጭር ጊዜ ጤና ኢንሹራንስ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው። ያለፈ ሕመም ይጠይቃል፣ ይከለክላልም። “ቅድመ ሕመም ይሸፍናል?” ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ከተንዛዛ ስልኩን ይዝጉ።

መኪና

በጋራ ፖሊሲ ላይ ያለ ባል ሊሰርዘው ይችላል፤ ሳያውቁት ያለ ኢንሹራንስ ይነዳሉ። የጋራውን ከማፍረስ በፊት የራስዎን ያውጡ፣ ክፍተት እንዳይኖር በአንድ ቀን ያገጣጥሙት። መኪናው በእሱ ስም ብቻ ከተመዘገበ ለብቻዎ ማስገባት ይቸግራል፤ ለጠበቃው መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይሁን። መኪናው የሚያድርበትን ቦታ መዋሸት ክሌም ያስከለክላል፤ ይልቅ የፖስታ አድራሻው የተለየ እንዲሆን ይጠይቁ። አዲሱ አድራሻ በጋራ ፖሊሲ ላይ ከገባ ዴክላሬሽን ፔጅ በሚባለው ወረቀት ታትሞ እሱ እጅ ይደርሳል።

ለፖስታው ብዙ ስቴቶች አድራሻ የሚደብቅ ፕሮግራም አላቸው፤ የመጀመሪያው በ1991 ዋሽንግተን ስቴት የጀመረው ነው። ምትክ የፖስታ ሳጥን ይሰጥዎታል፣ ደብዳቤው ከዚያ ወደ እርስዎ ይላካል። የቀናት መዘግየት ስለሚኖረው የክፍያ ቀንን በእሱ አይጠብቁ።

ቤቱን ራሱ ቢያቃጥለውስ?

የቤት ኢንሹራንስ በፖሊሲው የተሸፈነ ሰው ራሱ ሆን ብሎ ያደረሰውን ጉዳት አይከፍልም። ባል በንዴት ቤቱን ቢያቃጥል ወይም ዕቃውን ቢሰባብር፣ በፖሊሲው ስምዎ ስላለ ብቻ እርስዎም ሊከለከሉ ይችላሉ። ፖሊሲውን አውጥተው ሆን ተብሎ ስለሚደርስ ጉዳት የሚለውን አንቀጽ ያንብቡ። “ማንኛውም መድን ገቢ” ያደረሰው ይላል ወይስ “መድን ገቢው”? በብዙ ስቴቶች ፍርድ ቤቶች ክርክሩን በዚህች ቃል ወስነውታል፤ የመጀመሪያው ለእርስዎ ይከብዳል።

አንዳንድ ስቴቶች ክርክሩን በሕግ ዘግተውታል። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ 48.18.550፣ ጉዳቱ ከቤት ውስጥ ጥቃት የመጣ ከሆነና ተጠቂዋ ለፖሊስ አመልክታ ከምርመራው ጋር ከተባበረች፣ በነገሩ እጇ ለሌለበት ባለንብረት እንዳይከለከል ያዛል። ክፍያው ግን በድርሻዎ ልክ ሊወሰን ይችላል፣ የባንክ ዕዳም ይቀነሳል። እዚህ ላይ “ጉዳዩ በቤታችን ይለቅ” ብሎ ለፖሊስ ሳያመለክቱ መቅረት ገንዘቡንም ሊያሳጣ ይችላል።

ስለዚህ በዚያው ቀን ፖሊስ ይጥሩና የሪፖርት ቁጥሩን ይያዙ። ከማጽዳትዎ በፊት ክፍል በክፍል ፎቶ ያንሱ። ኢንሹራንሱ “ፕሩፍ ኦፍ ሎስ” የሚባል የመሐላ ቅጽ ሲጠይቅ በተለመደው ፖሊሲ 60 ቀን አለዎት። ቼኩ በሁለታችሁና በባንኩ ስም ተጽፎ ከመጣ ያለ እሱ ፊርማ አይመነዘርም። ስለዚህ ገና ሲጀመር “የኔ ድርሻ ለብቻ፣ በስሜ ይከፈል” ብለው ለአድጀስተሩ (ጉዳቱን ለሚገምተው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ) በጽሑፍ ይስጡ።

የሕይወት ኢንሹራንስ

ስቴቶች ለሕግ ሞዴል የሚያደርጉት የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ረቂቅ፣ የጥቃት ተጠቂ መሆንን መከልከያ እንዳያደርጉ ያዛል። ነገር ግን ጥቃቱ ያስከተለውን ሕመም ከሌላው ሰው እኩል እንዲመዝኑ ይፈቅዳል። ያ ቀዳዳ ሰፊ ነው። ሲከለከሉ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ይህ ነው፦ “የከለከላችሁኝ በሕመሙ ነው ወይስ በተመታሁበት?” ያው ሕመም በመኪና አደጋ ቢመጣም ይከለክሉ ነበር? በጽሑፍ ያስመልሱ። በማመልከቻው ላይ ግን አይዋሹ፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ኩባንያው መዝገብ አገላብጦ ፖሊሲውን ሊያፈርስ ይችላል።

ባለቤቱ እርስዎ ከሆኑና ተጠቃሚው እሱ ከሆነ፣ ተጠቃሚው የማይሻር ካልተባለ በቀር ለብቻዎ መለወጥ ይችላሉ። በካሊፎርኒያ የፍቺ ክስ ሲከፈት ተጠቃሚ መቀየር በራሱ ይታገዳል፤ ጊዜውን ከጠበቃ ጋር ያስሉ። በመሥሪያ ቤት በኩል ባለው ፖሊሲ ደግሞ ፍቺው ብቻውን እሱን ከተጠቃሚነት አያነሳውም። በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኢገልሆፍ ጉዳይ፣ የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ሌላ ቢልም ገንዘቡ ቅጹ ላይ ስሟ ላለው ለቀድሞ ሚስት ይገባል ብሏል። ቅጹን ካልቀየሩት እሱ ይወስዳል።

ትንሽ ልጅን በቀጥታ ተጠቃሚ ማድረግም ያው ጉድጓድ ነው። ኩባንያው ለሕፃን አይከፍልም፤ ገንዘቡን እንዲያስተዳድር ሊሾም የሚችለው በሕይወት ያለው ወላጅ፣ ማለትም አጥቂው ነው። በትረስት (ገንዘቡን ለልጁ በሚይዝ ሕጋዊ አደራ) ወይም በስም በተጠቀሰ ጠባቂ በኩል ያድርጉት። እርስዎ ሳይፈርሙ በሕይወትዎ ላይ ፖሊሲ ተገዝቶ ካገኙ የማመልከቻውን ቅጂ ይጠይቁ፣ ፊርማው የእርስዎ አለመሆኑን በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ለፖሊስም ይንገሩ፤ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

“አይሆንም” ሲሉዎት

ውሳኔው በሌላ ድርጅት መዝገብ ላይ ከተመሠረተ ኩባንያው ያንን መንገርና የድርጅቱን ስም መስጠት አለበት፤ በ60 ቀን ውስጥ መዝገቡን በነጻ ያገኛሉ። ለቤትና ለመኪና ክሉ የሚባለው እስከ 7 ዓመት የቆየ ክሌም ይይዛል፤ ለሕይወት ኢንሹራንስ ኤምአይቢ አለ። ሁለቱንም በዓመት አንዴ በነጻ ማየት ይቻላል። ባልዎ የሰበረው መስኮት በእርስዎ ስም እንደ ክሌም ተጽፎ ቢያገኙት ይቃወሙ፣ የፖሊስ ሪፖርቱን ያያይዙ።

የጤና ክሌም ከተከለከለ ለራሱ ለኢንሹራንሱ ይግባኝ የሚባለው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያም ለውጭ ገምጋሚ በ4 ወር ውስጥ። ሌላው አቤቱታ ወደ ስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ይሄዳል፦ ሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽን፣ በቨርጂኒያ የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በሲያትል የኢንሹራንስ ኮሚሽነሩ ቢሮ። ለማስገባት ገንዘብ አይጠየቅም። ከማስገባትዎ በፊት ግን “ይህ አቤቱታ ለኩባንያው ሲላክ ቅጂው ለፖሊሲው ባለቤት ይደርሳል?” ብለው ይጠይቁ። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው የሚከፍሉት የጤና ፕላን ከሆነ ስቴቱ ሥልጣን የለውም፤ በሠራተኛ ሚኒስቴር በኩል በ1-866-444-3272 ይደውሉ። ኢንሹራንሱ ጥያቄዎን ተቀብሎ እያለ ኢኦቢውን ለባል ከላከ ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የጤና ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ ይከሰሳል። ፖስታውን ካገኙት አይጣሉት፤ ቀኑ የታተመበት ማኅተም ዋናው ማስረጃዎ እሱ ነው።